ለትምህርት ቤት ሽማግሌ ሲላክ

የልጄ ልጅ ሳምራዊት ባለፈው ቅዳሜ ቦሌ መንገድ ላይ ካለ አንድ ካፌ ጎትታ አስገባችኝና ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። የመጨረሻዎቹን ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ዓመታት ውጭ አገር፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታ ልትማር ነው። ምን? ፊልምና እንግሊዝኛ። «አባባ፣ ይሄኛው ስቱዲዮው ያምራል፣ ግን ዶርሙ በጣም ስሞል ነው። ይሄኛው ደግሞ ዶርሙ ቆንጆ ነው፣ ምግቡ ግን ኖት ጉድ ይላሉ» ትላለች። ጣቷ ሲሮጥ ዓይኔ መከተል አቃተው። መዋኛ ገንዳ አየሁ፤ ቀይ ወንበር የተደረደረበት የፊልም አዳራሽ አየሁ፤ ሣር ላይ ተንጋለው የሚስቁ ልጆች አየሁ። «እሺ፣ የቱ ይሻላል ይላሉ?» ስትለኝ ከአፌ የወጣው ራሴንም አስደነገጠኝ። «አጥሩ ምን ያህል ነው?» አልኳት። «የምን አጥር?» «አጥር ነዋ! ግንቡ። ሰው ዘሎ የሚገባበት ነው ወይስ አይደለም?» የካፌው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ሳቀች። «አባባ ደግሞ! እነዚህ እኮ አጥር የላቸውም።» ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ድሮም ቁጭ ብሎ መቆየት አይሆንልኝም፤ ሟች ባለቤቴ «አንተን ወንበር ይወጋሃል እንዴ?» ትለኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን እውነትም የወጋኝ ነገር ነበር።

ከካፌው ወጥቼ በእግሬ ወደ ቦሌ ሚካኤል ነካሁት። መኪናው፣ ጥሩምባው፣ ፎቁ፣ ግፊያው፤ አንዱን እግሬን አንሥቼ ሌላውን የማሳርፍበት የለም። እኔ ግን የማየው ሌላ ቦሌ ነበር። ያ መንገድ ያኔ ጭር ያለ ከመሆኑ የተነሣ ኳስ ስንጫወትበት መኪና መጣ ተብሎ ጨዋታ የሚቋረጠው አልፎ አልፎ ነው። እሑድ እሑድ ሰው ልብሱን አስተኩሶ፣ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ፣ አውሮፕላን ሲነሣና ሲያርፍ ለማየት አየር ማረፊያው ጥግ ሄዶ ይቆማል፤ ለእኛ ከዚያ በላይ ሽርሽር አልነበረም። ቦምቦሊኖ በአሥር ሳንቲም፣ ሻይ በአሥራ አምስት፣ በአሮጌ ጋዜጣ የተጠቀለለ ኦቾሎኒ በአሥር። ከአየር ማረፊያው ማዶ፣ ከገርጂ ወዲያ ወደ ለሚ ሲኬድ ያለው ሁሉ ስንዴና ጤፍ ነበር። ዛሬ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች በጠዋት ከአውቶቡስ የሚራገፉበት ቦታ ያኔ ጅብ የሚጮህበት ነው። ወደ ሰፈራችን በሚያስገባው ማእዘን ላይ አንዲት የካሴት መሸጫ ነበረች፤ ድምፅ ማጉያዋን ወደ መንገዱ አዙራ ፍቅር ያልያዘውን ሁሉ ፍቅር እንደያዘው ታስመስለው ነበር። ከእሷ አጠገብ ከወሎ የመጡት የሐጂ ሰይድ ሱቅ፣ ከሐጂ ሱቅ ፊት ለፊት የቀበሌው ሱቅ፣ ከቀበሌው ሱቅ ፊት ደግሞ ሰልፍ። ለስኳር ሰልፍ፣ ለሳሙና ሰልፍ፣ ለዳቦ ሰልፍ።

አባቴ አየር ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ ነበር። ተሳፋሪ ጥሎት የሚወርደውን የእንግሊዝኛ መጽሔት ሸሚዙ ውስጥ ሸጉጦ ያመጣልኝ ስለነበር እንግሊዝኛዬ የተሠራው ከሽቶና ከእጅ ሰዓት ማስታወቂያ ነው። ፊልም ደግሞ በሽታዬ ነበር። ለአውቶቡስ የተሰጠኝን ሳንቲም ለመግቢያ አጠራቅሜ፣ ከቦሌ ሚካኤል ፒያሳ ድረስ በእግሬ ወጥቼ፣ አይቼ በእግሬ እመለሳለሁ፤ ያየሁትንም ለሰፈር ልጆች ሞቼ ተነሥቼ እተውንላቸዋለሁ። ዋናው አድናቂዬ ታላቅ ወንድሜ ግርማ ነበር። ግርማ አንድ ጠዋት ለዳቦ ተሰልፎ ሳለ ታፈሰ። ለማያውቅ ልንገር፤ ያኔ ለጦርነቱ ወጣት ሲያስፈልግ የጭነት መኪና ሰፈር መጥቶ ይቆምና የደረሰ ወንድ ልጅ የተባለ ሁሉ እየተያዘ ይጫን ነበር። አፈሳ እንለዋለን። ከሰሜን አንድ ጊዜ ብቻ ደህና ነኝ የሚል ቃል በሰው ላከ። ከዚያ ዝም አለ፤ እስከ ዛሬም ዝም እንዳለ ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ ብድግ ብዬ ክፍሉን ዞር ዞር አልኩበት።

ከዚያ በኋላ እናቴ እኔን ባየች ቁጥር ትባንን ጀመር። ቁመቴም ጢሜም ከዕድሜዬ ቀድመው ነበር። አንድ ቀን የግርማን ቦላሌ ሱሪ፣ ከታች እንደ ቀሚስ የሚሰፋውን፣ እሱ በዓመት በዓል ብቻ የሚለብሰውን ቡናማ ሱሪ፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳ ከጉልበቱ በላይ አስቆረጠችና ቁምጣ አደረገችው። «ልበስ» አለችኝ። «እማዬ፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ እኮ ነው!» «ዝም በል! ከዛሬ ጀምሮ አሥራ ሦስት ነህ።» በዚያ ቁምጣ ፀጉራም እግሬን አስጥቼ በሴት ተማሪዎች ፊት ሳልፍ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለምን እንደለበስኩት ያውቃል፤ ማንም ግን አልሳቀብኝም። ያ ደግሞ ከሳቁ ይልቅ ያስፈራኝ ነበር።

ቁምጣ ብዙ እንደማያዛልቅ ሁላችንም ስለገባን የአዳሪ ትምህርት ቤት ነገር ተነሣ። አባቴ ደቡብ ውስጥ ያለ የእርሻ ትምህርት ቤት መረጠ፤ ከአዲስ አበባ ስለሚርቅ። እኔ ከገርጂ ወዲያ በለሚ አቅጣጫ፣ ጉብታ ላይ የነበረውን የሚስዮን ትምህርት ቤት መረጥኩ፤ ፊልም ስላለው። የጎረቤታችን ልጅ እዚያ ይማር ነበርና የሚያወራው ያሳብደኝ ነበር። ርእሰ መምህሩ ሚስተር ቶማስ የሚባሉ ህንዳዊ ናቸው፤ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩት በፊልም ነው። ፊልሙን መሐል ላይ ያቆሙትና፣ «አሁን ይህች ሴትዮ ምን የምትል ይመስላችኋል? በሩንስ ለምን አልዘጋችውም?» እያሉ ተማሪውን በእንግሊዝኛ ያናግሩታል፣ ያጽፉታል። ይህን ሰምቶ እንቅልፍ የት ይገኛል! «አባዬ፣ እኔ የምገባው እዚያ ነው» አልኩ። አባቴ ሳቀ። «ፊልም አይቶ እንጀራ የበላ ሰው አሳየኝና ዛሬውኑ ልውሰድህ። እርሻ ብትማር ላም ታልባለህ፣ ወተት ትጠጣለህ። ያንተ ግን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።» እናቴ አንዳችንንም አልደገፈችም። በማግስቱ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች፤ ስትመለስ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነበር። «የእርሻው ሜዳ ላይ ነው አሉ፤ እንደ ከብት ነው የሚነዷቸው። ልጁ ያለው ይሁን» አለች። ተንደርድሬ አቀፍኳት። ለፊልሙ ብላ የፈረደችልኝ መስሎኝ ነበር።

ችግሩ ምዝገባው ማለቁ ነው። የሚስዮኑ ዘበኛ ሞልቷል ብሎ ከበሩ መልሷታል። «ታዲያ እንዴት ሊሆን ነው?» አለ አባቴ። «እንዴት ይሆናል? ሽማግሌ ይላካል እንጂ!» አለች እናቴ። ሽማግሌ የሚላከው ልጅ ለመጠየቅ ወይም የተጣላ ለማስታረቅ ነው፤ ለትምህርት ቤት ሽማግሌ ሲላክ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ሰምቼ አላውቅም። የጨነቀው ግን የማይሞክረው የለም። በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው በገርጂ ማሳ መሐል ወደ ጉብታው አቀኑ፤ ጡረተኛው ወታደር ባሻ ወልዴ ከዘራቸውን ይዘው፣ ሐጂ ሰይድ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ የሰፈራችን መርጌታ ጭራቸውን ይዘው። አስተርጓሚው እኔ ነኝ፤ በቁምጣዬ። መንገዱን ሙሉ እየቀደምኳቸው እቆማለሁ፣ ተመልሼ እከተላለሁ። «ረጋ በል እንጂ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሉኛል ሐጂ።

ሚስተር ቶማስ ቀጭን፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ የማይረጋ ሰው ነበሩ። ሦስቱ ሽማግሌዎች የቢሮውን በር ሞልተው ሲቆሙ ብድግ አሉና ወንበር አሳዩ። «ተቀመጡ ይላሉ» አልኩ። ባሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የመጣንበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አንቀመጥም በላቸው።» ወጋችን ነው። ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ የሙሽራዋ አባትም ይህን ስለሚያውቅ ይግደረደራል እንጂ አይደነግጥም። እኔም ቃሉን እንዳለ መለስኩት፤ «እሺ ካላሉ አንቀመጥም ይላሉ» አልኳቸው። የሰውዬው ፊት አመድ መሰለ። በዚያ ጊዜ ሳይጠሩ ቢሮ ገብተው አንቀመጥም የሚሉ ሰዎች ሌላ ዓይነት ነበሩ። ሚስተር ቶማስ ሽማግሌዎቼን ለፍተሻ የመጡ የቀበሌ ሰዎች አድርገው ወሰዷቸው፤ ለእኔ ግን ወዲያው አልገባኝም።

«ንገራቸው» አሉኝ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «ፊልም ማሳየት አቁመናል። ክፍሉም ተዘግቷል። የቀረን ስለ ንጽሕናና ስለ እርሻ የሚያስረዳ ፊልም ብቻ ነው።» ለእርሻማ አባቴ የመረጠልኝ መች አነሰኝ! ቢሆንም ተረጎምኩ። «ስለ ፊልም ማን ጠየቃቸው?» አሉ ባሻ። «ይልቅ የግቢው በር ይዘጋል ወይስ ክፍት ነው? በላቸው።» ጠየቅሁ። «ክፍት ነው! ሁልጊዜ ክፍት ነው! ማንም ገብቶ ሊያይ ይችላል!» አሉ ሚስተር ቶማስ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሐጂ ሰይድ ቀበል አድርገው፣ «ለመሆኑ ዕድሜያቸው የደረሰ ልጆች እዚህ አሉ ወይ? በል እስቲ» አሉኝ። «በፍጹም የሉም! የደረሰ ልጅ ከተገኘ እኛው ራሳችን ለቀበሌ እናሳውቃለን።» ይህን ስተረጉም መርጌታ አማተቡ። «ከድጡ ወደ ማጡ! እንሂድ» አሉ ባሻ፣ ከዘራቸውን እያነሡ።

ሚስተር ቶማስ ከወንበራቸው ጀርባ ያለውን መጋረጃ ቀስ ብለው ሲስቡ ያየሁት ያኔ ነው። ነገሩ በአንድ ጊዜ በራልኝ። እነሱ እኔን የሚደብቁበት ቦታ ይፈልጋሉ፤ እሳቸው ደግሞ የደበቋቸውን ልጆች ከእነሱ ይደብቃሉ። ማንም ተናገር ሳይለኝ፣ «ሰር፣ እነዚህ ሰዎች የቀበሌ አይደሉም» አልኳቸው። «ጎረቤቶቻችን ናቸው። በእኛ አገር ሰው ሚስት ሲፈልግ ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹም እሺ እስኪባሉ ቆመው ይለምናሉ። ዛሬ የሚለምኑት ለእኔ አልጋ ነው። ወንድሜ ታፍሷል። እኔም ልጅ አይደለሁም፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው።» መነጽራቸውን አስተካክለው ከቁምጣዬ በታች ያለውን እግሬን አዩ። መጀመሪያ ሳቅ አመለጣቸው፤ ቀጥሎ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። «እሺ» አሉ፤ በአማርኛ። ሦስቱም ሽማግሌዎች አስተርጓሚ ሳይጠብቁ ቁጭ አሉ።

ባሻ ግን ወታደር ናቸውና ነገር በእንጥልጥል አይተዉም። «ቃል ይስጡን» አሉ። «እኛ ራሳችን መጥተን ካልወሰድነው በቀር፣ ይህ ልጅ ቢለምን ቢያለቅስ ከዚህ ግንብ እንዳይወጣ።» እሱንም እኔው ተረጎምኩት። ሚስተር ቶማስ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቃል ሰጡ። መርጌታ መረቁ፣ ሐጂ «አሚን» አሉ። የተረጎምኩትን ነገር አላሰብኩበትም፤ ልቤ ከወንበራቸው ጀርባ፣ ከመጋረጃው ሥር የፊልም ቆርቆሮዎች ጠርዝ ሲያብለጨልጭ አይቶ እዚያው ቀርቶ ነበር።

የፊልሙ ክፍል፣ ፊልም ሲያረጅ እንደሚያደርገው፣ ኮምጣጤ ይሸት ነበር፤ የጋለ አምፖልም። ዛሬ እንኳ ሰላጣ ላይ ኮምጣጤ ሲፈስ ከወንበሬ እነሣለሁ። ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ ተሰቅሎ፣ ማሽኑ እየተንጣጣ፣ አንዲት ሴት ደረጃ ስትወርድ ደጋግመን እናያለን። «እስካሁን ምን አላሳያችሁም?» ይላሉ ሚስተር ቶማስ። «ፊቷን!» «ለምን?» አንዱ ስለምታለቅስ ይላል፣ ሌላው ስለምትዋሽ ይላል፤ በእንግሊዝኛ እንጣላለን። እንግሊዝኛ ከማስታወቂያ ወጥቶ የሰው ንግግር የሆነልኝ እዚያ ነው። ደስተኛ ነበርኩ ልበል? ነበርኩ። ግን አላረፍኩም። ቤቴ በእግር የሚደረስ ቅርብ ነው፤ አውሮፕላኖቹ በጣሪያችን ላይ ዝቅ ብለው ወደ ሰፈሬ ሲወርዱ ከመኝታ ክፍሉ መስኮት አያቸዋለሁ። አባቴ የትኛውን እያራገፈ ይሆን እላለሁ።

በመጀመሪያው የጥየቃ እሑድ እናቴ ዳቦ ቆሎ ይዛ መጣች። ስለ ፊልሙ ሳወራላት «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ትላለች፤ ዓይኗ ግን በግንቡ ጫፍ ጫፍ ይሄዳል። «ጠርሙስ የሰኩበት እስከ ጓሮው ድረስ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጫማዋ ጭቃ የሆነበት ቀን ምን ስታደርግ እንደዋለች ያኔ ገባኝ። ግንቡን ነበር የዞረችው፤ የፊልም ክፍል ይኑር አይኑር ጉዳይዋም አልነበረም። አባቴ ለርቀቱ፣ እሷ ለግንቡ፣ እኔ ለፊልሙ፤ አንድ ትምህርት ቤት ስንመርጥ ሦስታችንም የምንናገረው ለየቅል ነበር። ስትነሣ ጉንጬን ያዘችና፣ «ለቀበሌው ጎጃም አጎቱ ዘንድ ሄዷል ብያለሁ። ለገናም ለፋሲካም እንዳትመጣ። እነሱም የሚጠብቁት ዓመት በዓልን ነው» አለችኝ። «እማዬ፣ ፋሲካን?» «ፋሲካንም።» ሳትዞር ሄደች። ተቆጣሁ እንጂ አላለቀስኩም። ልጇን ቤትህ አትምጣ ለማለት ምን ያህል ጨክና እንደመጣች የገባኝ ልጅ ስወልድ ነው።

ይህን እያሰብኩ ቦሌ ሚካኤል ደርሼ የካሴት መሸጫዋ የነበረችበት ማእዘን ላይ ቆሜ ነበር፤ አሁን የብረት በር የሚበየድበት ሆኗል። ሳምራዊት ደወለች። «አባባ፣ የት ጠፉ? መረጥኩ እኮ! ያ አጥር የለውም ያልኩዎትን።» እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። ለፊልምና ለእንግሊዝኛ ብላ ብቻ ትምህርት ቤት የምትመርጥ ልጅ ከእኔ አብራክ ወጣች፤ ይህ ለእኛ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ግን ለምን እንደሆነ እንጃ፣ መንገዱን ከዳር እዳር ስመላለስበት ቆየሁ።

በዚያ በሚስዮኑ ዓመት ፋሲካ ደረሰ። ትንንሾቹ ልጆች ሁሉ ወደየቤታቸው ሄዱ፤ የቀረን እንደኔ ጎጃም ሄዱ፣ ጅማ ሄዱ የተባልን ጥቂቶች ነን። የበዓሉ ዕለት ጠዋት ሚስተር ቶማስ የፊልሙን ክፍል ከፍተው ለብቻዬ ጠሩኝ። «ዛሬ ምረጥ» አሉኝ፤ «የፈለግኸውን፣ ሳላቆም አሳይሃለሁ።» ያለምኩት ነገር ሁሉ በእጄ ገባ። አንዱን ቆርቆሮ አነሣሁ። ማሽኑ መንጣጣት ጀመረ፤ እኔ ግን የማየው የእናቴን ገበታ ነው። ግርማ የለም፤ እኔም የለሁም። አባቴና እሷ ፊት ለፊት ተቀምጠው ማን መጀመሪያ እንደሚቆርስ እየተጠባበቁ ይሆናል። ተነሣሁ። «ሰር፣ ቤቴ ልሂድ። ደርሼ ልምጣ። እሮጣለሁ፤ ማንም አያየኝም።» ሚስተር ቶማስ ማሽኑን አጠፉ። ወንበራቸውን አንሥተው በሩ ድረስ ተሸክመው ሄዱ፤ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀመጡ። «ለሽማግሌዎቹ ቃል ሰጥቻለሁ» አሉ። ለመንኩ። አለቀስኩ። ከዚያ እሳቸው ባስተማሩኝ እንግሊዝኛ፣ አስተምረውኝ በማያውቁትም እንግሊዝኛ ጭምር፣ እስኪደክመኝ ሰደብኳቸው። አልተነሡም።